ከሰል ይደክማል ወይ?

በልብስ ማጠቢያው «ፖሊሱ» ነው የሚሉኝ። ሌባ ስለምይዝ አይደለም፤ ጥያቄ ስለማበዛ ነው። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ከገጣጣሚው ቀድሜ ሆዱን ከፍቼ የማየው እኔ ነኝ። የአጣቢዎቹ አለቃ መንጋጋዋን ተነቅላ የመጣች ዕለት እንኳ «ሥሩ ሁለት ነበር ሦስት?» ብዬ ብጠይቃት፣ አፏ ጥጥ እንደጎረሰ በመጥረጊያ አባራኛለች።

ሥራዬ ቦይለር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ቤት ተቀምጬ ውሃ ሳፈላ ኖሬአለሁ። የእኔ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ የሆስፒታሉን አንሶላ ያጥባል፣ የሆቴሉን የጠረጴዛ ልብስ ይተኩሳል። የቱ ቱቦ እንደታፈነ፣ የቱ እንደሚያፈስ ለማወቅ ጆሮዬ ይበቃኛል፤ ሙቀቱን ደግሞ እጄን ጣል አድርጌ እነግራችኋለሁ። ስለ ቱቦ ማንም አያስተምረኝም እል ነበር። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ መነሻው ይህቺው አመሌ ስለሆነች ነው።

አንድ ቀን የእህቴ ልጅ መጣችና «ጋሼ፣ ከጭስ ማውጫዎ ትንሽ ጭስ ይሰጡኛል?» አለችኝ።

«ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?»

«እርስዎ ብቻ ይስጡኝ፤ የምመዝነው እኔ ነኝ» አለች። እንደ እናቷ ናት፤ መልስ አታጣም።

ልጅቷ ምርምር ተቋም ውስጥ ነው የምትሠራው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ጭማቂ ቤቶች የሚጥሉትን የአቮካዶ ዘር በጆንያ እየሰበሰበች ስታከስል ቆይታለች። እህቴ «ልጄ ተምራ ተምራ ከሰል አክሳይ ሆነችልኝ» እያለች ሰው ታስቃለች። ከሰሉ ግን ለምድጃ አይደለም። ዘሩ አየር በማይገባበት እቶን ይከስላል፤ ከዚያ ፖታሽ ከሚባል ኬሚካል ጋር ተደባልቆ እንደገና ይጋላል፤ ፖታሹ ከሰሉን እየቦረቦረ ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ ታጥቦ ይደርቃል። ጭስ በዚያ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቀዳዳው ውስጥ እየገባ ይቀራል፤ ሌላው አየር ያልፋል። ይህ ጋዝ ዓለምን እያሞቀ እንደሚያስቸግር ከሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ከእኔው ጭስ ማውጫ እንደሚወጣ ግን እሷ እስክትነግረኝ ልብ አላልኩትም።

በመዳፏ ይዛ አሳየችኝ። ምስር የሚያህሉ ጥቋቁር ፍሬዎች ናቸው። አየኋቸው፣ አሸተትኳቸው፣ ከዚያ አንዷን ምላሴ ላይ ጣል አደረግኋት።

«ጋሼ! የሚቀመስ መሰልዎት?»

«ምላሴን ያዘችኝ እኮ!»

«ቀዳዳዎቹ ምራቅዎን መጥጠውት ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ከሰል፣ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሁሉ ተፈልቅቆ ቢነጠፍ የኳስ ሜዳ ይሸፍናል።»

ይሄ አልተዋጠልኝም። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲሸመግል ሁሉን ያምናል ብሎ የነገረሽ አለ?» አልኳት።

«ላይኛው ፎቅ መደርደሪያ ላይ ስንት አንሶላ አለ?»

«ስድስት ሰባት መቶ አይጠፋም።»

«ታጥፎ የያዘው አንድ ግድግዳ ነው። አውጥተው ቢዘረጉትስ?»

በሐሳቤ ዘረጋሁት። ቢዘረጋ ከበራችን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መንገዱን ያለብሰዋል። ያን ቀን ምሳ እየበላሁ እንኳ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ዕቃዋን በሁለት ቀን ተከለች። ዋናው ነገር ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ የብረት ቱቦ ነው፤ ከሰሉ የሚሞላው እሱ ውስጥ ነው። ያቆመችው በመስኮቱ ሥር፣ ከላይ የሚመለሰው የሞቀ ውሃ ከሚያልፍበት ቱቦዬ አጠገብ ነው። ትንሽ ፋን ከጭስ ማውጫው ጭስ ትስባለች፤ ጭሱ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ጥቅልል ውስጥ አልፎ እርጥበቱን ያራግፋል፤ ከዚያ ወደ ከሰሉ ይገባል። በሌላው ጫፍ ያለችው መሣሪያ ስንት ጋዝ እንደተያዘ እየለካች ስክሪን ላይ መስመር ትስላለች። ከሰሉ ሲጠግብ ፓምፑ በራሱ ይነሳና የተያዘውን ጋዝ ስቦ ያወጣዋል፤ ከሰሉ ባዶ ሆኖ እንደገና ይጀምራል።

ጥያቄዬ መቼም አላለቀም። ፓምፑ ለምን ይንጫጫል? መስመሩ ለምን ቀይ ሆነ? ጭሱን መጀመሪያ የምታቀዘቅዢው ለምንድን ነው? «ውሃው እንዲወርድ» አለችኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። ያቺ መልስ ግማሽ መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ደስ ይበለው ብላ የኖራ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቀዳች። አንደኛው ላይ ከጭስ ማውጫው የመጣውን ጭስ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስነፋችበት፤ ወዲያው እንደ ወተት ነጣ። ሁለተኛው ላይ በከሰሉ ያለፈውን አስነፋችበት፤ ጥርት እንዳለ ቀረ።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚነፋው» አለች። «ከዚያ በላይ ከቆየ የነጣውም ተመልሶ ይጠራና ያታልልዎታል።»

አንድ ጠርሙስ የኖራ ውሃ ተወችልኝ። ከዚያ ወዲያ ምድር ቤት የወረደውን ሁሉ እየያዝኩ ማሳየት ሆነ ሥራዬ። የአጣቢዎቹ አለቃ ሦስት ጊዜ አይታ በአራተኛው «ገባን እኮ፣ ፖሊሱ! ልቀቀን!» አለችኝ።

የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ቱቦውን ግን ማንም እንዳይነካብኝ።» በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ሦስት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ከሰሉ በላቦራቶሪ ጋዝ ብቻ ሳይሆን በእውነተኛ ጭስ ቀኑን ሙሉ እንደሚሠራ ካሳየች ሥራው ይቀጥላል። ካላሳየች ይዘጋል፤ አራት ዓመት የለፋችበት ዕቃ ተጭኖ መጋዘን ይገባል። እኔም «በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ ዋለች። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣች፣ በምሳ ሰዓት ወደ ተቋሟ መሄድ ጀመረች። በዚያው ሰሞን ብርዱ ገባ።

ከሄደች በኋላ ቱቦውን እንዲያው በእጄ ጀርባ ነካ አደረግሁት። በረዶ! በእኛ ሙያ ቀዝቃዛ ቱቦ ነውር ነው። ሙቀት ከባከነ ነዳጅ ባከነ፣ ነዳጅ ከባከነ ቦይለረኛው ሰነፍ ነው። ጎረምሳ ሆኜ የያዘኝ አስተማሪዬ ራቁቱን የቀረ ቱቦ ካየ ጆሮዬን ነበር የሚጠመዝዘው። ይህች ልጅ መጽሐፉን ታውቃለች፣ ቱቦውን ግን አታውቅም አልኩ በልቤ። ጭሱን ያቀዘቀዘችው ውሃው እንዲወርድ ነው፤ ውሃው ከወረደ በኋላ ምን ይሠራል ብርዱ? ወደ ላይ ወጣሁ፣ አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ አመጣሁ፣ ቱቦውን ከአናቱ እስከ ግርጌው ጠመጠምኩት። ነካሁት እንዴ? አልነካሁትም፤ አለበስኩት እንጂ። ወደ ማታ ሥራ ስጨርስ ፈትቼ፣ አጥፌ መደርደሪያው ላይ መለስኩ። ሐሳቤ ውጤቱ አምሮ ስታየው «ማን እንደረዳሽ ታውቂያለሽ?» ልላት ነበር።

በማግስቱ ስክሪኑን እያየች ቅንድቧን ቋጠረች። «ጠዋት ጥሩ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወርዷል» አለች።

«ብርዱ ይሆናል» አልኳት።

«ብርዱ አይጎዳውም» አለች፤ ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር አላብራራችም፤ እኔም፣ ፖሊሱ፣ አልጠየቅሁም። እንዴት አይጎዳውም? እንዲያውም አንድ ብርድ ልብስ አልበቃውም ማለት ነው አልኩ። ያን ዕለት ሁለት አደረግሁለት። ይህም አልበቃ ብሎኝ የሞቀ ውሃ የሚመለስበትን ቱቦዬን ከእሷ ቱቦ ጋር አንድ ላይ ጠቀለልኳቸው፤ አንዱ ለሌላው ያጋራዋል ብዬ።

ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ጠዋት መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ከምሳ በኋላ ይወድቃል። በማግስቱ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና ይነሳል። ልጅቷ ከሳች። ፀጉሯን ማበጠር ተወች። ቫልቭ ቀየረች፣ መሣሪያዋን አስመረመረች፣ ከሰሉን አውጥታ በአዲስ ሞላች፤ ያው ነው። አንድ ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ የሚነካካ ሰው አለ?» አለችኝ።

«ዝንብ ዝር አይልም» አልኳት። ይህን ስል ዓይኗን አላየሁም። ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር ወይ? ግማሹን አውቄዋለሁ።

«እንግዲያው ከሰሉ ይደክማል ማለት ነው» አለች። «አራት ሰዓት ይሠራል፣ ይደክመዋል፣ ሌሊት አርፎ ይነሳል። እንዲህ ዓይነት ነገር አንብቤ አላውቅም፤ ግን የማየው ይህንን ነው።» ሰኞ ዕለት ይህንኑ ጽፋ ለገምጋሚዎቹ ላከችው። ሐሙስ መጥተው አይተው ይዘጉታል።

እኔ ግን ከዚያች ቃል ጋር ቀረሁ። ከሰል ይደክማል ወይ? ብረት እንደሚደክም አውቃለሁ፤ እሱም በዓመታት ነው። የደከመ ብረት ደግሞ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት አይነሳም። አልጋዬ ላይ እየተገላበጥኩ ሳስብ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ብትለኝ «ከሰል ይደክማል ወይ?» አልኳት። «ከሰሉን እንጃ፣ እኔ ግን ደክሞኛል» ብላ ፊቷን አዞረች።

ማክሰኞ የሆስፒታሉ መኪና መጥቶ ብርድ ልብሱን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ከምሳ በኋላ ቱቦውን የማለብሰው አጥቼ፣ ዛሬስ ያልቅለታል እያልኩ ተቆጨሁ።

ረቡዕ ጠዋት የእህቴ ልጅ ስክሪኑን ከፍታ ወደ መስመሩ ተጠጋች። ቀረብ ብዬ አየሁ። የማክሰኞው መስመር ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥ ብሎ ሄዷል።

«ትናንት ምን ሆኖ ነው ያልደከመው?» አለች።

ክው አልኩ። ማክሰኞ ቱቦው ራቁቱን ነበር። እሷ ግን ፊቴን አላየችም። «የመሣሪያ ስህተት ይሆናል፤ በአንድ ቀን ምንም ማለት አይቻልም። ነገ ያልቃል» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ልከተላት ነበር፤ ግን እግሬ ሳይንቀሳቀስ እጄ የኖራ ውሃውን ጠርሙስ አነሳ። እርግጠኛ ሳይሆን ሰው እንዴት ያወራል? ብርጭቆ ቀዳሁ፤ ቱቦው ራቁቱን እንዳለ በከሰሉ ያለፈውን አየር አስነፋሁበት። ሰዓት እያየሁ ሁለት ደቂቃ። ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ ከአጣቢዎቹ አለቃ ሁለት ብርድ ልብስ ለመንኩ። «አሁን ደግሞ ማንን ልታስተኛ ነው?» አለችኝ፤ መልስ ሳልሰጣት ወረድኩ። ቱቦውን እንደ ወትሮው ከሞቀው ቱቦዬ ጋር ጠመጠምኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። አዲስ ብርጭቆ ቀዳሁ። አስነፋሁ።

ነጣ። እንደ ወተት ነጣ።

አላመንኩም። ፈታሁት፣ መስኮቱን ከፍቼ አቀዘቀዝኩት፣ ፓምፑ አንድ ዙር እስኪጨርስ ጠበቅሁ፣ ሦስተኛ ብርጭቆ ቀዳሁ። አስነፋሁ፤ ጥርት እንዳለ ቀረ። ሦስቱን ብርጭቆዎች መስኮቱ ላይ ደርድሬ ቆሜ አየኋቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ከእፍረቱ በፊት የመጣብኝ ደስታ ነው። ገባኝ! ከሰል አይደክምም! ከዚያ ደስታው ሳይወርድልኝ እፍረቱ መጣ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ያቺን ልጅ እንዲያ ያከሳት እኔ ነኝ። ራሴው ነኝ።

ቦይለሩን ቀደም ብዬ አጥፍቼ፣ በሥራ ልብሴ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ተቋሟ ሄድኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዋን ሆና ዕቃ በካርቶን እየከተተች አገኘኋት። በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንዱን ብርድ ልብስ፣ ሁለተኛውን፣ የሞቀውን ቱቦ፣ «ዝንብ ዝር አይልም» ያልኳትን፣ ሦስቱን ብርጭቆ።

ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለችና «ጋዙ ግድግዳው ላይ ታስሮ አይደለም እኮ የሚቀመጠው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምታወራ ይመስል። «ቀዝቀዝ ሲል ይጠጋል፤ ሲሞቀው ተነስቶ ይሄዳል። ከሰሉ ጋዝ ሲይዝ ራሱም ይሞቃል፤ ብርድ ልብሱ ያን ሙቀት አፈነው። ያቀዘቀዝኩት ለዚህም ጭምር ነው። የሚገባውን ጋዝ ሙቀት ነው እለካ የነበረው፤ የከሰሉን ሆድ አልለካሁም። ለክቼ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ፓምፑ ለምን ይንጫጫል ብለው ጠይቀውኛል። የጫማዬን ቁጥር ሳይቀር ጠይቀውኛል። ይህቺን አንዷን ለምን አልጠየቁኝም?»

«የማውቃት መስሎኝ» አልኩ።

የማላውቀውን ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ፣ አውቃለሁ ባልኩት ነገር ልጄን ገደል ልከት ነበር። «ይሂዱ፣ ነገ በጠዋት እንገናኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ!» አለች። አልሳቅሁም፤ እሷም አልሳቀችም። «ነገ ለሰዎቹም እንዲሁ ተናገር። ለእሷ ብቻ መናገሩ ግማሽ ነው» አለችኝ። እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ሐሙስ ገምጋሚዎቹ መጡ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች ወፍራም ሴት ናት፤ ሁለቱ ወንዶች ከረባት አስረዋል። የእኛም ሥራ አስኪያጅ ከኋላቸው ወረደ። የእህቴ ልጅ «ሰኞ የላክሁት ሪፖርት ስህተት ነው» ብላ ጀመረች። እኔ ቀጠልኩ። ስጨርስ ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ለእሷ ምኗ ነዎት?»

«አጎቷ ነኝ።»

ተያዩ። አንደኛው ከረባት ለስለስ ባለ ድምፅ «አጎት ለእህቱ ልጅ ሲል ምን የማይል አለ?» አለ። የእህቴ ልጅ ፊት ደም መሰለ። ይህ ለአፍታ እንኳ አልታየኝም ነበር። እኔ መናዘዙ ከባድ ነው ብዬ ስጨነቅ አደርኩ፤ ለካስ የሚከብደው መታመኑ ነው! እውነቴን ይዤ ውሸታም ልሆን፣ ከእኔም ብሶ እሷ አጎቷን አስዋሸች ልትባል። ቁጣዬ ነደደ።

«እንግዲያው ቁጭ በሉ» አልኳቸው። «ከምሳ በፊት አትሄዱም።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰብሳቢዋ ግን «ወንበር አለ?» አለች።

ወንበር ስላልነበረ የተገለበጠ የሳሙና በርሜል ሰጠኋቸው። ቱቦውን በዓይናቸው ፊት ጠመጠምኩት። የቦይለር ክፍል ሙቀት እንግዳ አያከብርም፤ መጀመሪያ ኮት ወለቀ፣ ቀጥሎ ከረባት ላላ። መስመሩ መውረድ ጀመረ። ቀስ እያለ ወረደ፣ ከዚያ ቁልቁል ሄደ። ሰብሳቢዋ ከበርሜሏ ተነስታ አጠገቤ ቆመች።

«ውስጡ አሁን ስንት ዲግሪ ይሆናል?» አለች።

የሚለካ ነገር አልተገጠመለትም። እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብቼ ብረቱን ያዝሁ፤ አንድ ሁለት ሦስት ቆጥሬ ለቀቅሁ። «ስልሳ አልፏል፣ ሰባ አልሞላም። ስልሳ አምስት በሉት።»

ያ ያላመነኝ ሰውዬ ከቦርሳው ቴርሞሜትር አውጥቶ ሰካ። ስልሳ ስድስት። ቴርሞሜትሩን አየ፣ እጄን አየ፣ ቁጥሩን ለሰብሳቢዋ አሳየ።

ፈታሁት፤ መስኮቱን ከፈትኩ። ሌላ ሰዓት ጠበቁ። መስመሩ ተነስቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለተኛው ሰውዬ ማስታወሻው ላይ ብዙ ጻፈና የሚመለሰውን የሞቀ ውሃ ቱቦዬን እያሳየኝ «ይህን ሙቀት ሌላ ጊዜ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አለኝ።

«ምንም። ይባክናል።»

«ጋዙን ከከሰሉ አስወጥቶ የፓምፑን ሥራ ነው እኮ የሠራው» አለና እሱንም ጻፈ። የእህቴ ልጅ ዞር ብላ አየችው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ በራ።

ሰብሳቢዋ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆም አለች። «ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። ለምን ተናገሩ?»

«ከሰል ይደክማል ተብሎ ተጽፎ ሊቀር ነው እንዴ?» አልኳት። ከዚያ ይህ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ጨመርኩ፤ «ደግሞ ልጄ ናት።»

ሥራው አልተዘጋም። ሦስት ወር ተሰጣት፤ ሦስት ወር ብቻ፣ ከዚያ እንደገና ይመጣሉ። ለእኔ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ በቱቦውም ዙሪያ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አስቀባ፤ እንዳላልፍ። የአጣቢዎቹ አለቃ መስመሩን አይታ «ፖሊሱ ታሰረ!» እያለች ፎቁን ሁሉ አዳረሰችው። ይገባኛል።

ሰኞ የእህቴ ልጅ አዲሱን ሪፖርት ይዛ መጣች። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከሰላምታ በላይ አላወራችኝም ነበር። የምፈርምበት ቦታ እንዳለ ነገረችኝና ከቢጫው መስመር ማዶ ቆማ አነበበችልኝ።

«የውጤቱ መበላሸት ምክንያት፦ የቦይለር ሠራተኛው፣ ሳይፈቀድለት፣ ቱቦውን በብርድ ልብስ መሸፈኑ፤ ተጠይቆም መካዱ።»

«መካዱ» የምትለውን ታስቀርልኛለች ብዬ ነበር።

እሷ ግን አላቆመችም። «ምክንያቱን ፈልጎ በሙከራ ያረጋገጠው፦ የቦይለር ሠራተኛው።»

የማጠቢያዎቹ ድምፅ ከላይ ይሰማል።

«ሁለተኛውን መስመር ድገሚልኝ» አልኳት።

«ከመጀመሪያው ጀምሬ ነው የምደግመው» አለች።

«እሺ።»

ሁለቱንም ደገመችልኝ። ከዚያ ፈረምኩ።